ኮላ የነካው ጊታር

ውድ ወንድሜ፣

መርከባችሁ የትኛው ወደብ ላይ ስትቆም ይህ ደብዳቤ እጅህ እንደሚገባ አላውቅም። ብቻ ሲደርስህ ቁጭ ብለህ አንብበው። ከመርከቡ ባንድ ጋር ልምምድ ላይ ከሆንክ ኪስህ ክተተውና ለብቻህ ስትሆን አውጣው። መቼም አውቅሃለሁ፣ ፖስታው ላይ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ስታይ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው» ብለህ በአንድ ዓይንህ ነው የምታነበኝ። ይህን ግን በሁለቱም አንብብልኝ፤ የመነጽር ቤት ሠራተኛ ስትለምንህ እንቢ አትበል።

የምጽፍልህ ስለ እማዬ ነው። እማዬ ደህና አይደለችም ብዬ እሰጋለሁ፤ አንተ ደግሞ ደህና ናት ብለህ ታምናለህ፤ በመሃል እኔ ብቻዬን እየነደድኩ ነው። ነገሩ የተነሳው ከጊታሩ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ገና ጊታሩ ስል ልብህ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። አልተሰረቀም፣ አልተሸጠም፣ ለሁለትም አልተከፈለም። እዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ አባዬ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ መቆሚያው ላይ ነው ያለው። እስቲ ተረጋጋና ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከስልኩ አጠገብ ስለማትጠፋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ኦፕሬተር የነበረች ሴት ባለችበት ቤት በስልክ ሚስጥር ማውራት የማይታሰብ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ባንሾካሹክ እንኳ እሷ ሳሎን ሆና የኔን ብቻ ሳይሆን የወዲያኛውንም ሰው ድምፅ ትሰማለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ከመስታወት መሞረጃው ማሽን ጀርባ ተደብቄ ነው። አለቃዬ ሂሳብ የምሠራ መስሎት ደስ ብሎታል።

አባዬ ካረፈ በኋላም ተጫዋቾች ቤታችን መምጣት አላቆሙም። አንተ ከሄድክ ወዲህማ ብሶባቸዋል። ከየት እንደሚሰሙ እንጃ፣ አንዱ ለአንዱ ሹክ ይለዋል መሰለኝ። በር ይንኳኳል፤ ስከፍት የቀኝ እጁን ጥፍር ያሳደገ ሰው ደጃፉ ላይ እየተቅለሰለሰ ቆሟል። «ይቅርታ፣ እዚህ ቤት ደረቱ እንደ ቫዮሊን የተቀረጸ የድሮ ጊታር አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ለአንድ አፍታ ማየት ይቻላል?» ይላል። ለአንድ አፍታ ያለው ሰውዬ ሻይ ጠጥቶ፣ ሌላ ሻይ ተጨምሮለት፣ እማዬ የዘር ሐረጉን ከሥር ከመሠረቱ አጣርታበት ነው የሚወጣው።

አንተ አብረኸው ስላደግክ የሰው ፊት ምን እንደሚሆን አላስተዋልክ ይሆናል። እኔ ከሙዚቃ ዕቃ ጋር ሆድና ጀርባ ስለሆንኩ ጊታሩን ትቼ ሰዎቹን ነው የማየው። መጀመሪያ አይነኩትም። ጎንበስ ብለው ቀለሙን ያዩታል፤ መሃሉ ወርቃማ፣ ጠርዙ ደግሞ ጠቆር ያለውን። ደረቱ ከመሃል ጉብ ብሎ ወደ ዳር ሲወርድ በመዳፋቸው አየር ላይ ይከተሉታል። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጠማማ ቀዳዳዎች አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታቸዋል። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡትና አንድ ጊዜ ይመቱታል፣ ቀና ብለውም ያዩኛል፣ እኔ የሠራሁት ይመስል። አንድ ሆቴል የሚጫወት ሰው ምን አለኝ መሰለህ፦ «ሌላ ጊታር ያባብልሻል። የመታሽውን ድምፅ ይዞ ያቆይልሻል፣ ስህተትሽን ይሸፍንልሻል። ይሄ ግን የሰጠሽውን ያህል ብቻ ነው የሚመልስልሽ። ወዲያው ይመልሳል፣ ወዲያው ዝም ይላል።» እኔማ እንዲህ ያለ ፀባይ ያለው ዕቃ ለምን ይወደዳል ብዬ ገረመኝ፤ እነሱ ግን የሚሞቱለት ለዚሁ ነው። የአባዬ ጓደኛ የነበረው ሽበታሙ ትራምፔት ነፊም ሲመጣ ይህንኑ ነው የሚያወራው። ማይክ ሳይኖረው፣ ያ ሁሉ መለከት እየጮኸ፣ የአባዬ ጊታር በመሃላቸው ሰንጥቆ ይወጣ ነበር ይላል። ይህን ሲል ሁልጊዜ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

እማዬ እነዚህን ሰዎች ትወዳቸዋለች። ለአባዬ አንድ ጆሮው ከመለከቶቹ ጩኸት የተነሳ ከደከመ በኋላ ጊታሩን የምትቃኝለት እሷ እንደነበረች አንተም ታውቃለህ። ተጫዋች መጥቶ ሳሎን ሲቀመጥ እሷ ወጥ ቤት ትሆናለች፣ እንደማትሰማ ሆና ዕቃ ታጥባለች። ሰውየው ገና ሁለት ሦስት ጊዜ እንደመታ «ልጄ፣ ሁለተኛዋ ክር ወርዳብሃለች» ትላለች ከወዲያ። ሰውየው ይሞክራታል፣ እውነትም ወርዳለች። አፉን ከፍቶ ይቀራል። እማዬ ያን ቀን ሙሉ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አይጠፋም። ከሄዱ በኋላም «ይሄኛው ደህና ነው፣ ግራ እጁ ግን ሰነፍ ነው» እያለች ማርክ ትሰጣቸዋለች። የጡረታ ሥራዋ ሆኗል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ክሮቹ የሚያርፉባት ያቺ ትንሽ እንጨት፣ እናንተ ብሪጅ የምትሏት፣ ደረቱ ላይ ያልተጣበቀች መሆኗን ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የክሮቹ ጭነት ብቻ ነው የያዛት። ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የፈታ ሰው ብሪጇን ወለል ላይ ነው የሚያገኛት፤ መልሶ ሲያስቀምጣትም ቦታዋን ትንሽ ከሳተ ጊታሩ አይቃኝም። ይህን ለእኔ ያስተማረችኝ እማዬ ናት። አባዬ ክር ሲቀይር አጠገቡ ቆማ «አንዷን አውጣ፣ አንዷን አግባ» ትለዋለች፣ ያላወቀ ይመስል። እኔን ደግሞ ገና አቧራ ልጠርግ ጨርቅ ሳነሳ ጣቷን ቀስራ «ክሩን ባንዴ ፈትተሽ እንዳላይሽ» ትለኛለች። እኔ በሕይወቴ የጊታር ክር ፈትቼ አላውቅም፣ ማስፈራሪያው ግን ለእኔም ተርፏል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። ጋዜጣው ላይ ጊታሩ በጀርባው ተኝቷል። ስድስቱም ክሮች ወልቀው፣ ታጥበው፣ ፎጣ ላይ ተሰጥተዋል። ብሪጇ ደረቱ ላይ በነጭ የእንጨት ኮላ ተጣብቃለች፤ ኮላው ዙሪያዋን ተርፎ ፈስሷል። እንዳትንሸራተት እማዬ በሻሿ ጠፍራታለች፣ ከላይ ደግሞ የልብስ ካውያውን ጭናባታለች። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነው፣ ፊቷ በርቷል።

«እንኳን እኔ አየሁት» አለችኝ፣ «ክሮቹ ቆሽሸው ልጠርጋቸው ብዬ ስፈታቸው ይቺ ነገር ወደቀች። ተሰብራ ኖሯል፣ እናንተ ሳታዩ። ከአናጢው ኮላ ለምኜ ይኸው አጣበቅኋት።»

ክው አልኩ። ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም። እንድትስቅ ጠበቅኋት። ታውቃታለህ፣ ቀልድ ስትፈልግ ፊቷን ሳትቀይር ነው፤ በመጨረሻ ግን ትስቃለች። አልሳቀችም። «ምነው፣ አላማረሽም?» አለችኝ። «አምሯል እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የፈራሁት አንተን ነው። እውነቱን ልንገርህ። አባዬ «ይህ የልጄ ነው» ብሎ የተወልህን፣ የባሕር አየር ያበላሸዋል ብለህ ለእኛ አደራ ብለህ የሄድክበትን ዕቃ ኮላ ተቀብቶ ስታይ ምን ትላት ይሆን እያልኩ ነበር። ቁጣህን አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል፤ ቃሉ ግን ይቀራል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ፍርሃት መጣ። ዓለም ላይ ያን ክር ባንዴ መፍታት እንደሌለበት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው የፈታው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ እንደ ሰላይ ማየት ጀመርኩ። ስልክ ሲጠራ አንስታ «ማንን ላገናኝዎ?» ስትል ድሮ እስቅ ነበር፣ አሁን ዓይኗን አያለሁ፣ እየቀለደች መሆኗን ለማረጋገጥ። አንድ ጊዜ «መነጽር ልቀይርልሽ» ብዬ ሱቅ ወሰድኳትና ፊደሎቹን አስነበብኳት። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንበለበለችው፣ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች «እዚህ ምን ልናደርግ ነው የመጣነው?» አለችኝ። እኔ ያን ቀን የአንዱን ደንበኛ የግራ መስታወት በቀኝ ገጠምኩት። ሰውየው ደረጃ ሊወርድ ሲል ወለሉ መጣብኝ ብሎ ተመለሰ፣ አለቃዬም ምን ሆነሻል አለኝ። ምን ልበለው?

ባለፈው ስትደውል ታስታውሳለህ? ከእሷ ጋር አውርተህ ስትጨርስ «እማዬ እኮ እንደ ድሮዋ ናት፣ ሳቋን ሰማሽው?» አልከኝ። ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬን ጥዬ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። «ታዲያስ፣ ሥራ እንዴት ነው? ሁሉ ሰላም? በርታ፣ ራስህን ጠብቅ፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለችህ። ልጄ አላለችህም። መርከብ የሚል ቃል አላነሳችም። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ «ጨዋ ሰው ነው» አለች፣ ለራሷ ያህል። ኦፕሬተር ነበረች እኮ። መስመር ላይ ያለውን ሰው ሳያውቁ በትህትና ማውራት የኖረችበት ሙያ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ምናልባት ስለ አንተ መናገሯ ይሆናል፣ ጨዋ ልጅ ወጥቶኛል ማለቷ። ይህንንና ያንን ሳገላብጥ ከረምኩ።

ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ግን ምን ብዬ ልውሰዳት? «እማዬ፣ ራስሽን እንይልሽ» ይባላል? አንተ ብትሆን ነገሩን አቅልለህ፣ አስቀህ፣ ጃኬቷን አልብሰህ ታወጣታለህ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ድምፄ ይሰባበራል፣ እሷም ወዲያው ትነቃለች።

ወደ ጊታሩ ልመለስ። ክሮቹን ራሴ መልሼ አሰርኳቸው፣ እግዜር ይይልኝ። ባዶ ክሩን፣ በጣት ሳይጫኑ፣ ሲመቱት ደህና ይመስላል፣ ጣት አንገቱ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን ሁሉም ነገር ይጣመማል። ድምፁም ጉንፋን ይዞታል። ስለዚህ ተጫዋቾችን መመለስ ጀመርኩ። ለአንዱ «ክር ታዞለት ነው» እለዋለሁ፣ ለሌላው «ቀለሙ እየደረቀ ነው» እለዋለሁ። እማዬ ደግሞ ከውስጥ «ኧረ ምንም አልሆነ፣ አስገቢያቸው» ትላለች። እኔ በሩን ይዤ ሰውየውን በዓይኔ እለምናለሁ። አንዱ ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የወረደው።

ያ ጂኦግራፊ አስተማሪ ግን አመለጠኝ። በእረፍቱ ሰዓት እየመጣ ክሮቹን ባንዴ፣ አንድ ኮርድ ብቻ መትቶ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አዳምጦ፣ አመስግኖ የሚሄደው። እኔ ሥራ ልሄድ ስወጣ እሱ ሲገባ ተገናኘን፣ እማዬም በሩን ከፍታለታለች። ተከትዬው ተመለስኩ። ጊታሩን አነሳ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች፣ እናንተ ፍሬት ከምትሏቸው፣ ሦስተኛው ላይ ያዘው፣ መታ። ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት መሰለ። ጎንበስ ብሎ ብሪጇን አያት፣ ኮላውን በጥፍሩ ነካው፣ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ያን ጊዜ የማየው ወጥ ቤቱን ነበር። እማዬ እዚያ ሆና ትሰማለች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አሁን «ልጄ፣ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ወርደውብሃል፣ ምን ነክቶሃል» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። የቧንቧው ውኃ ብቻ ይወርዳል። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና «ጥሩ ይጮሃል አይደል?» አለችው።

አስተማሪው ጊታሩን መቆሚያው ላይ መለሰ። «አዎ እማማ፣ በጣም» አላት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ሊለኝ ፈለገ፣ ግን «አይዞሽ» ብቻ ብሎኝ ሄደ። ያ አይዞሽ ምን ያህል እንዳስፈራኝ አልነግርህም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ወሬው ሄዷል ማለት ነው። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። «እነዚያ ልጆች ምነው ጠፉ? አስቀየምሻቸው እንዴ?» ትለኛለች። ነገም ትጠይቀኛለች። ሰው ሲመጣላት የምትነቃ፣ የምትቀልድ፣ አምራ የምትለብስ ሴት ቀኑን ሙሉ በሌሊት ልብሷ መዋል ጀመረች። ይህን ማየት አልቻልኩም። ለዚህ ነው አንተን ሳላስፈቅድ ጠጋኙን የጠራሁት። ልትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ፣ በደብዳቤ ይሁን ብቻ።

ጠጋኙን ታውቀዋለህ፣ የጊታር ሐኪም የምትሉት ዝምተኛ ሰውዬ ነው። አስቀድሞ መጥቶ አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በሞቀ ቀጭን ቢላ ቀስ እያልኩ አላቅቀዋለሁ፣ ቀለሙ ግን አብሮ ይነሳል፣ ጠባሳ ይቀራል፣ ከባሰም ደረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል አለኝ። ደረቱ ከተሰነጠቀስ? አልኩት። «ከተሰነጠቀ ሌላ ጊታር ነው የሚሆነው» አለኝ። ይህን ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት። እማዬ ጎረቤት ጋ ስትሄድ እንዲመጣ ተነጋገርን። ሁሉን አሰናድቼ፣ ለጎረቤታችንም ነግሬ ሳበቃ፣ በዚያ ቀን እማዬ አልሄድም አለች። ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ ሳሎን ቁጭ አለች። ሰው እንደሚመጣ ያወቀች ይመስላል።

ጠጋኙ ገባ። ሁለታችንም እንደ ሌባ ተያየን። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፈ፣ ክሮቹን አወረደ፣ ቢላውን ማሞቅ ጀመረ። እማዬ ወንበሯን ስባ ተጠጋች። ብሪጇን አየች፣ በጣቷ ጫፍ ኮላው ላይ ሄደች።

«ይሄን ማን ነው ያጣበቀው?» አለች።

ጠጋኙ ቢላውን ይዞ እኔን አየኝ። እሷም አየችኝ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኳት።

«አንቺ?» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ይቺ እኮ አትጣበቅም። ክሩ ነው የሚይዛት። ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ? ባንዴ ፈታሻቸው አይደል? አባትሽ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር? ኮላ! የጫማ ሶል አደረግሽው?» ወደ ጠጋኙ ዞራ ደግሞ «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ ይቺ ከመስታወት ሌላ የምታውቀው የለም» አለችው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስድብ ጥሞኝ አያውቅም። ትቀጥልበት ብዬ ጸለይኩ። ራሴን ደፍቼ «ጥፋቴ ነው» እላለሁ፣ ልቤ ግን በደስታ ይዘላል። ታውቀዋለች፣ ሕጉን ታውቀዋለች፣ ሁሉም እዚያው ውስጧ አለ። ጠጋኙ ሥራው ላይ አቀርቅሮ ከንፈሩን ነክሷል።

ማላቀቁ ረጅም ሰዓት ወሰደ። ቢላው ገባ ባለ ቁጥር እንጨቱ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ እኔም ወንበሩን አጥብቄ እይዛለሁ። በመጨረሻ ብሪጇ ተነሳች። ደረቱ አልተሰነጠቀም፣ ወንድሜ። ቀለሙ ግን ከሥሯ ተልጦ ተነስቷል፤ የድሮ ቦታዋን የሚያሳየው ምልክትም አብሮ ጠፍቷል። ስትመጣ ታየዋለህ፣ አስቀድመህ እንድታውቀው ነው። ጠጋኙ ሁለት ክሮች ብቻ አሰረ፣ ብሪጇን በግምት አቆማት፣ ከሣጥኑም መቃኛ መሣሪያውን ሊያወጣ ጎንበስ አለ።

«እስቲ ወዲህ አምጣው» አለችው እማዬ።

ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ቀጭኗን ክር መሃል ላይ በጣቷ ነካ አድርጋ መታችና አዳመጠች። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ተጫነችና እንደገና መታች። ሁለቱ ድምፆች አንድ አልነበሩም፣ ለእኔ ለደንቆሮዋ እንኳ ይሰማ ነበር። በጥፍሯ ብሪጇን ገፋ አደረገቻት። መታች። ትንሽ መለሰቻት። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጉንጯ ጊታሩ ጎን ላይ ደርሷል። ከዚያ ወፍራሙን ክር እንዲሁ አደረገች። «እዚህ ጋ ነች» አለችና ሰጠችው። ጠጋኙ ክሮቹን ሁሉ አስሮ፣ ቃኝቶ፣ በመሣሪያው እያንዳንዱን ፍሬት ለካ። «ትክክል ነው እማማ» አላት። ከዚያ ተጫወተ፣ ያ የታፈነ ድምፅ ተከፍቶ ሳሎኑን ሞላው፣ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ማልቀሴን እንዳያዩ።

ያን ሰዓት ለአንተ ምንም ላልጽፍ ወስኜ ነበር። እውነቴን ነው። እማዬ ደህና ናት፣ ያ የኮላ ነገር የድካም ነው፣ ሁሉም ሰው አንዳንድ ቀን ይስታል፣ እኔ ነኝ ነገር የማጋንነው አልኩ። ለአስተማሪውም «ና» ብዬ ልልክበት፣ ሽበታሙንም ልጠራው አሰብኩ። ሻይ አፈላሁ። በሻዩ ጣቴን አቃጠልኩ፣ እሱም ደስ አሰኘኝ።

ጠጋኙ ጊታሩን ወደ መቆሚያው መለሰና ሻዩን ይዞ ተቀመጠ። እማዬ ከወንበሯ ሆና ጊታሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ቀን እንደሚያዩት።

«የሚያምር ዕቃ ነው» አለች። «የማን ነው?»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኋት።

«የልጅሽ ነው እኮ እማዬ» አልኳት። «የወንድሜ። መርከብ ላይ የሚሠራው።»

«እሺ» አለች፣ ያን የስልክ ድምፅዋን አውጥታ። በትህትና ራሷን ነቀነቀች። ጠጋኙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሷ ግን ጊታሩን ማየቷን አላቆመችም፣ ግንባሯም ቀስ እያለ ተቋጠረ። እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘችና ጠጋኙ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ፦

«በይ ለባለ ዕቃው ሰውዬ ንገሪው። እንዲህ ያለ ውድ ነገር ሰው ቤት ጥሎ አይኬድም። አንድ ነገር ቢሆንብኝ ምን ብዬ እመልስለታለሁ? እንቅልፍ አይወስደኝም። ቶሎ ይምጣልኝ በይው።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

«ዛሬ ንገሪው» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ፣ ወንድሜ። ውሉ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ካፒቴኑን ለምነው፣ ታመምኩ በል፣ የፈለግከውን በል፣ ብቻ ና። በሩን ስታንኳኳ እሷ ናት የምትከፍትልህ፤ ሻይ ታቀርብልሃለች፣ ከየት እንደመጣህም ትጠይቅሃለች። ያን ጊዜ ቶሎ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ።

የምትጠብቅህ እህትህ